ድንኳኑ ጣሪያ ላይ ይውጣ ወይስ ከኋላ ይታሰር?

አቅራቢ፦ ኮሎራዶ ውስጥ እንደ ሪቪያን አር ዋን ቲ ያለ የኤሌክትሪክ ፒካፕ ይዛችሁ ወደ ሮኪ ተራሮች ለካምፕ ልትወጡ ነው እንበል። መኪናው ላይ ለሚዘረጋ ድንኳን ፖርቶመጋላ ስትመርጡ ከዋጋው በፊት ነፋሱን አስቡ።

በሰዓት ከ80 ወደ 110 ኪሎ ሜትር ስትጨምሩ የአየሩ ተቃውሞ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። የቤንዚን መኪናም ቢሆን ይህ ይከብደዋል፤ ግን ድሮውንም አብዛኛው ነዳጅ ሙቀት ሆኖ ስለሚባክን ጭማሪው ያን ያህል አይታወቅም። የኤሌክትሪክ ሞተር ብክነቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ ጣሪያ ላይ የወጣ ዕቃ ወዲያው ባትሪው ላይ ይታያል፤ ተራራ ላይ ደግሞ ቻርጅ ማድረጊያ እንደ ልብ አይገኝም።

እኔ የምመርጠው ከኋላ በጭነቱ ክፍል ላይ የሚታሰረውን፣ ከነዕቃው ከጋቢናው ብዙ ከፍ የማይለውን ነው። ጋቢናው ነፋሱን ይከልልለታል፤ ክብደቱም ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ መኪናው ኩርባ ላይ ብዙ አያዘምም። የሪቪያኑ አግዳሚ ብረቶች ጣሪያውም ላይ ከኋላም ይገጠማሉ።

ክብደት ላይ ግን አደራ! መኪናው እየሄደ የሚችለውና ቆሞ የሚችለው ጭነት ይለያያል። እየሄደ የሚችለው ያንሳል፤ የፖርቶመጋላው የራሱ ክብደትም ከዚያው ላይ ይቆጠራል። ድንኳኑ ውስጥ የሚተኙ ሰዎች የሚታሰቡት በቆመበት ልክ ነው። ሁለቱንም ከመመሪያው መጽሐፍ አንብቡ፤ ከሻጩ አፍ ብቻ አትቀበሉ።

ከካምፕ ስትመለሱም ፖርቶመጋላውን ፍቱት። ባዶውም ቢሆን ነፋስ ይይዛል።