ስለ ደመና ሥዕል አተረጓጐም

ተማሪዎች ሆይ፥ በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በነፋስ ስልክ ላፍቶ የሚኖር አንድ ልጅ በነጭ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ብቻ ቢሥል፥ ይኸውም ከታች አንድ ጐባጣ መስመር፥ ከላይ ሥሩ እንደ ገበታ የተስተካከለ ራሱ ግን እንደ ጤፍ ክምር ያበጠ ቅርጽ፥ በመካከላቸውም ጥቂት ያዘመሙ ጭረቶች፥ ችኩል ተመልካች «ይህ ያልተፈጸመ ነው» ብሎ ወረቀቱን ይመልስለታል። ልጁም ከዚያ ወዲያ ያየውን መሣል ትቶ፥ ዙሪያውን እንደ ባዘቶ የተድቦለበለ ደመና ከመጽሐፍ ይገለብጣል። ትልቁ ጕዳት ይህ ነው።

የሚያስተውል ሰው ግን እያንዳንዱ መስመር ከወዴት እንደ መጣ ይመረምራል። ጐባጣው መስመር የፉሪ ተራራ ነው። የደመናው ሥር ስለ ምን ተስተካከለ? ፀሓይ ምድርን ስታሞቅ እንፋሎት ያዘለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ እየወጣም ይቀዘቅዛል፤ ከአንድ ከፍታ ሲደርስ እንፋሎቱ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ይሆናል። ያ ከፍታ በአካባቢው ሁሉ ተቀራራቢ ስለ ሆነ የደመናው ሥር በገመድ የተለካ ይመስላል፤ በላዩ ግን አየሩ ገና ሽቅብ ስለሚገፋ ራሱ ያብጣል። ልጁ ይህን ምክንያት ባያውቀውም ዐይኑ አልሳተውም። ያዘመሙት ጭረቶች ዝናብ ናቸው፤ ማዘመማቸውም የነፋስ ምልክት ነው፤ ነፋስ ራሱ አይሣልምና።

እንግሊዛዊው መድኃኒት ቀማሚ ሉክ ሀዋርድ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1802 ዓመት ደመናን በቅርጹ ለይቶ በላቲን ቋንቋ ስም አወጣለት፤ ሲሩስ የጸጉር ጥቅል፥ ኩሙሉስ ክምር፥ ስትራቱስ ንጣፍ ማለት ነው። የአየር ጠባይ ሊቃውንት እስከ ዛሬ በነዚሁ ስሞች ይጠቀማሉ። ክምር የተባለውን ደመና የእኛ አገር ገበሬ ያለ ላቲን ያውቀዋል።

ሥዕል እያንዳንዱ እንደ ወደደው ይተረጐማል የሚሉ አሉ፤ ይህ ስንፍና ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ፥ በመካኒሳ፥ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሠርቶ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም አለ። በጭቃና በጭድ ግድግዳዎቹ ላይ ተጠማዘው የሚሄዱትን ቅርጾች አንዱ የእርሻ ትልም፥ ሌላው የወንዝ ሞገድ ሊላቸው ይችላል፤ ነገር ግን እንደዚያ ያሰኘውን መስመር በጣቱ ማሳየት ይገባዋል።

መምህሩም ለልጁ ሥዕል ነጥብ ከመስጠቱ አስቀድሞ፥ በክረምት ቀትር ላይ ተማሪዎቹን ወደ ደጅ አውጥቶ፥ ወረቀቱን ከሰማዩ ጋር ያስተያይ።