እናቴ ጀልባ የተሳፈረችበት ቀን
(ለማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁኝ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እዚህ ስቆም የማነብላችሁ ገቢና ወጪ ነው። ዛሬ ግን ከሪፖርቱ በፊት ስለ አንድ የቤቴ ወጪ ልንገራችሁ። ኅዳር 2011 ዓ.ም. እኔና እናቴ ምጽዋ ሄደን ጀልባ ተሳፈርን። ወጪውን መጀመሪያ የተቃወምኩት እኔው ነበርኩ።

እናቴ በወጣትነቷ ከታላቅ እህቷ ጋር ምጽዋ ኖራለች። ለወደብ ሠራተኞች እንጀራ እየጋገሩ ይሸጡ ነበር። መርከብ ሲገባና ሲወጣ በየቀኑ ታያለች፤ እሷ ግን አንድም ቀን ውሃ ላይ ወጥታ አታውቅም። በኋላ ትዳር ይዛ መቐለ መጣች። በ1990 ጦርነቱ ሲነሣ ድንበሩ ተዘጋ፤ እህትማማቾቹም 20 ዓመት ሳይተያዩ ቀሩ።

መስከረም 1 ቀን 2011 የዛላምበሳ መንገድ ሲከፈት ከተማችን ምን እንደመሰለች ታስታውሳላችሁ። የኤርትራ ታርጋ ያላቸው መኪኖች መንገዶቻችንን ሞሉት። እናቴም «ምጽዋ ውሰጂኝ። እህቴን ልያት፤ ባሕሩ ላይም አንዴ ልውጣበት» አለችኝ።

እኔ ደብተሬን ከፈትኩ። መጓጓዣ፣ ማደሪያ፣ ስጦታ፣ ጀልባ፤ ለሁለታችን 9 ሺህ ብር ግድም መጣ። «እህትሽን እዚህ እናምጣት፣ ይረክሳል። ጀልባው ይቅር» አልኳት። እሷ ደብተሩን እንኳ አላየችም። «ስሞት ለተዝካሬ ማውጣትሽ አይቀርም። እሱን ብር አሁን በቁሜ አውጪልኝ» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ከአስመራ ምጽዋ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያች መንገድ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ እስከ ባሕሩ ዳር ይወረዳል። ጋቢ ለብሰን ተነሥተን፣ ስንደርስ በላብ ተጠምቀን ነበር። አክስቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ሁለቱ መጀመሪያ ምንም አልተነጋገሩም፤ አንዷ የሌላዋን ፊት ትዳብስ ነበር። ከዚያ ማን ይበልጥ እንዳረጀ ሲከራከሩ አደሩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስታችን ወደ ወደቡ ሄድን። ጀልባዋ ሞተር ያላት፣ ከላይ ሸራ የተወጠረባት፣ አሥር ሰው የምትይዝ ናት። ባለ ጀልባው ጫማ አስወለቀንና «ወፈር ያላችሁ መሀል ተቀመጡ» አለ። አክስቴ እየተሳደበች መሀል ገባች። እናቴ በነጠላዋ ላይ ብርቱካናማውን የመንሳፈፊያ ጃኬት አጠለቀች። ዋና የማልችለው እኔ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ሞተሩ ተነሥቶ መወዛወዝ ስንጀምር ሆዴ ተገለባበጠ፤ አክስቴ ሎሚ ቆርጣ አሸተተችኝ። እናቴ ግን ልክ ቤቷ በረንዳ ላይ እንደተቀመጠች ሆነች።

ነሐሴ 30 ቀን 2010 «መቐለ» የተባለችው የኢትዮጵያ የጭነት መርከብ ምጽዋ ገብታ ነበር፤ ከ20 ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ የእኛ የንግድ መርከብ ናት። 11 ሺህ ቶን ዚንክ ጭና ወደ ቻይና ልትሄድ ነበር የመጣችው። እናቴ ይህን በሬዲዮ ሰምታለች። «መቐለ የት ቆማ ነበር?» ብላ ባለ ጀልባውን ጠየቀችው። በጣቱ አሳያት። «ከተማዬ ከእኔ ቀድማ ባሕር ገባች!» ብላ ሳቀች።

ወደ አረንጓዴ ደሴት ስንጠጋ ዛፎቹ ከጨው ውሃ ውስጥ በቅለው አየን። እናቴ እጇን ነክራ ቀመሰችና «ይህማ የእኛው ጨው ነው» አለች። እውነቷን ነው። በግመል ከአፋር ተጭኖ ለዘመናት መቐለ ገበያ የወረደው አሞሌ፣ ቀይ ባሕር ጥንት ዳናክልን ሸፍኖ ሲደርቅ ትቶት የሄደው ጨው ነው።

ማታ ተመልሰን ሰው ሁሉ ሲወርድ እሷ ተቀምጣ ቀረች። «ትንሽ ቆይ» አለችኝ። ባለ ጀልባውም ገመዱን ይዞ ጠበቃት።

ታኅሣሥ ላይ ያለ ፈቃድ በዛላምበሳ ማለፍ ተከለከለ። ቀጥሎ በ2013 የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። ከሰኔ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ባንክም ስልክም ሲዘጋ በእናቴ የቁጠባ ደብተር ላይ 31 ሺህ ብር ነበር። በ2014 ስትሞት ከዚያ ላይ አንድ ብር ማውጣት አልቻልኩም። ተዝካር አላወጣሁላትም። ጎረቤቶቼ፣ ግማሾቻችሁ እዚህ አላችሁ፣ ያላችሁን ቆሎ ይዛችሁ መጥታችሁ ነው የሸኘናት። አክስቴ ሞቷን የሰማችው ከወራት በኋላ፣ በሰው በሰው ነው። በ2015 ባንክ ሲከፈት ብሩን አገኘሁት፤ ኑሮው ግን እጥፍ ሆኖ ነበር፣ እናቴም የለችም።

እህቶቼ፣ አትቆጥቡ እያልኩ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቻችን እንደገና ምጣድ የጣድነው በዚህ ማኅበር ቁጠባና ብድር ነው። ዳቦ ባነሰበት ቤትም ጉዞ ይቅደም አልልም። የምለው፣ ለመቅበሪያችን እድር አለን፣ ለንግዳችን ብድር አለን፣ በሕይወት ያለች ሴት አንድ ቀን ለምትመኘው ነገር ግን ምንም መዝገብ የለንም።

ስለዚህ ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። ከየሳምንቱ መዋጮ በተጨማሪ 5 ብር እንጨምር። በ40 አባላት በዓመት 10,400 ብር ይሆናል። በየዓመቱ ዕጣ ይውጣ። ዕጣ የደረሳት አክሱም ጽዮንን ትሳለም፤ ወይም አዲስ አበባ ሄዳ የልጇን ምረቃ ትይ፤ ምርጫው የራሷ ነው፣ ማንም ምክንያት አይጠይቃት። መክፈል ያልቻለች ተፈናቃይ እህታችንም ከዕጣው አትቀር። የብድሩ ካፒታልና ከለጋሾቻችን የተገኘው ገንዘብ አንድ ሳንቲም አይነካም፤ ሒሳቡን ለብቻው እይዛለሁ።

ኮሚቴው ውስጥ ስናገረው ስሙን «የቁም ሳጥን» ብለው ሳቁብኝ። ስሙ ደስ ብሎኛል፤ ይጽደቅልኝ።

የ2011 ደብተሬ እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ። የጀልባዋን ክፍያ የመዘገብኩት «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚለው ሥር ነው። ያኔ ሌላ መደብ አልነበረኝም።

ከቡና በኋላ እጅ እናወጣለን።