የጋብቻ ክርክርና የእኛ ኃላፊነት

በጥሊሊ ከተማ በሕግ ባለሙያዎች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




በደጋዪቱ ጥሊሊ ተሰብስበን ስለ ሙያችን ለመወያየት በመቻላችን ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። እንድናገርበት የተመረጠልኝ ርእስ ግን ቀላል አይደለም። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሚመለከት በአደባባይ የሚደረገው ክርክርና የሃይማኖት ተቋማት የያዙት የተቃውሞ አቋም፣ በተነሣ ቁጥር ድምፅ የሚያስጮህ እንጂ እርጋታን የሚጋብዝ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ይሁንና «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ነገሩን ከሥሩ አንሥቶ መመርመር የሕግ ሰዎች ፈንታ ስለሆነ ግብዣውን ተቀብያለሁ። ዛሬ ለማስረዳት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም፣ ሃይማኖት ስለ ጋብቻ የሚያስተምረው ትምህርትና አንድን ሰው ጥፋተኛ ለማለት ሕግ የሚጠይቀው ማስረጃ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ የተደባለቁ እንደሆነም ሃይማኖቱም ሕጉም የሚጎዱ መሆናቸውን ነው።

እንደሚታወቀው ክርክሩ የተጀመረው በሌላ አገር ነው። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2001 ጀምሮ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች እንዲጋቡ በሕግ በመፍቀድ የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በ2005 የሰጠውን ውሳኔ ተከትላ፣ በ2006 ይህንኑ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። በአሜሪካም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 በአምስት ድምፅ ለአራት ወሰነ። በእነዚህ አገሮች ሁሉ ጭብጡ አንድ ነበር። ጋብቻ መንግሥት ለዜጎቹ ሁሉ በእኩልነት ሊመዘግበው የሚገባ ውል ነው ወይስ እግዚአብሔር በወንድና በሴት መካከል የሠራው፣ ሰው ሊለውጠው የማይችለው ሥርዓት ነው? ደጋፊዎቹ ውርስንና የጋራ ንብረትን፣ የታመመ የትዳር ጓደኛን የማስታመም መብትን እያነሡ ስለ እኩልነት ተከራከሩ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ፣ መንግሥት ያልሠራውን ነገር ትርጉሙን ሊለውጥ አይችልም ሲሉ መለሱ።

ይህ ክርክር ወደ አገራችን ደጃፍ የደረሰው በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2009 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በቤተ ክርስቲያን ለመፈጸም ወሰነች። የአሜሪካ የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ዓመት፣ ከተመሳሳይ ጾታ ሰው ጋር በጽኑ ቃል ኪዳን የሚኖሩ ሰዎች በአገልጋይነት እንዲሾሙ ፈቀደች። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ከእነዚህ ቤተ ክርስቲያኖች ጋር የነበራት ግንኙነት የቅርብ ጊዜ አልነበረም። የስዊድን ሚሲዮናውያን ምጽዋ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1866 ነበር፤ መካነ ኢየሱስ ራሷን ችላ በ1951 ዓ.ም. ከተቋቋመች በኋላም በትምህርት ቤት፣ በሕክምናና በልማት ሥራ አብረው ደክመዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ በጥር ወር 2005 ዓ.ም. የተሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤዋ ከሁለቱ ጋር የነበራትን ግንኙነት ለማቋረጥ ወሰነ፤ ምእመናኗም ከእነርሱ አገልጋዮች ቅዱስ ቁርባን እንዳይቀበሉ አስታወቀ።

ባልደረቦቼ ይህን ውሳኔ በጥሞና እንዲመለከቱት እሻለሁ። የምንስማማበትም የማንስማማበትም ልንኖር እንችላለን፤ አካሄዱ ግን ትምህርት የሚሰጥ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ የእምነቷን ጉዳይ በራሷ ጉባኤ መርምራ፣ በራሷ ሥልጣን ወስና፣ ለዘመናት የቆየ ወዳጅነት መቋረጥ የሚያስከትለውን ጉዳት ራሷ ተሸከመች። ፖሊስ አልጠራችም፤ የማንንም ቤት አላስፈተሸችም። የሃይማኖት ነጻነት ማለት በተግባር ይህን ይመስላል።

ሌሎች እርምጃዎች ደግሞ ወደ መንግሥት ያተኮሩ ነበሩ። በታኅሣሥ ወር 2001 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት እምነቶች መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ክልከላ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዲገባ የሚጠይቅ የአቋም መግለጫ አወጡ። በብዙ ጉዳይ የማይስማሙ የሃይማኖት አባቶች በዚህ አንድ ቃል መሆናቸው ጉዳዩ በሕዝቡ ልብ ያለውን ሥፍራ ያሳያል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ቶቶ ቱርስ የተባለ የቺካጎ የጉዞ ድርጅት ደንበኞቹን ላሊበላን ጭምር ለማስጎብኘት ማቀዱ በተሰማ ጊዜ፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ማኅበራት መንግሥት ጉብኝቱን እንዲያግድ በይፋ ጠየቁ፤ የድርጅቱ ባለቤትም የዛቻ መልእክቶች እንደ ደረሱት ገለጸ። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ፣ የግብረ ሰዶም ተግባር ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን በመግለጽ፣ ሕዝቡ ጥቆማ እንዲሰጥ ጥሪ አደረገ።

እንግዲህ ሕጋችን ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል መሠረት የሚፈጸሙ ሦስት ዓይነት ጋብቻዎችን ተቀብሎ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992ም ሆነ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ይህንኑ አጽንተዋል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ አንዱ በተክሊል፣ ሌላው በኒካሕ፣ ሌላው በሽማግሌ ፊት በሰማንያ ቢጋባ፣ አመሠራረቱ ይለያያል እንጂ ውጤቱ በአንድ ሕግ ይዳኛል። የሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 34 የማግባትንና ቤተሰብ የመመሥረትን መብት የሚሰጠው ለጋብቻ ዕድሜ ለደረሱ «ወንዶችና ሴቶች» ነው፤ የቤተሰብ ሕጎቹም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገሩት ስለ ባልና ሚስት ነው። በዚህ የተነሣ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሊመዘግብ የሚችል የክብር መዝገብ ሹም በኢትዮጵያ የለም።

የወንጀሉን ሕግ ስናይ፣ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600፣ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ተመሳሳይ ጾታ ባላቸው ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ግብረ ሥጋ ያስቀጣሉ። የአንቀጽ 629 ቅጣት ቀላል እስራት ነው። በአንቀጽ 630 እና 631 የተመለከተው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በኃይል ወይም በዛቻ የተፈጸመ እንደሆነ፣ ወይም ተጎጂው ለአካለ መጠን ያልደረሰ እንደሆነ ቅጣቱ በእጅጉ ይከብዳል፤ ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች በሆነ ሕፃን ላይ ለተፈጸመ ድርጊት ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስፈርዳል። በአደባባይ ክርክር ጊዜ እነዚህ ነገሮች ሁሉ በአንድ ስም ተጠርተው ሲያልፉ እንሰማለን። ሕፃን የደፈረና ለአካለ መጠን ከደረሰ ሰው ጋር በስምምነት የኖረ በሕጉ ፊት አንድ አለመሆናቸውን የማስረዳት ግዴታ ያለብን እኛ ነን።

አንቀጽ 629 ራሱ መኖር የለበትም የሚሉ ወገኖች መኖራቸውን መደበቅ አይገባኝም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችውን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በአውስትራሊያ ላይ በቀረበ አቤቱታ፣ እንዲህ ያለ ክልከላ የግል ሕይወትን መብት ይጥሳል ሲል አስተያየቱን ሰጥቷል። አብዛኛው የአገራችን ሕዝብና የሃይማኖት አባቶች ይህን አይቀበሉም። ጥያቄው የሕግ አውጪው ስለሆነ ዛሬ አልፈርድበትም። የምናገረው ግን አንቀጹ ቢኖርም ባይኖርም የሚጸና ነው።

የሃይማኖቶቹ ተቃውሞ ከድንገተኛ ቁጣ የመነጨ ነው ማለት ስሕተት ነው። ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ተክሊል ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው፤ ፍትሐ ነገሥቱም ስለ ጋብቻ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ለሙስሊሙ ኒካሕ በወንድና በሴት መካከል በምስክር ፊት በመህር የሚታሰር ቃል ኪዳን ነው። ካህኑንም ሆነ ቃዲውን የማያምንበትን ጋብቻ እንዲባርክ የሚያስገድድ ሕግ ቢመጣ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 መሠረት ተነሥተን ልንከራከርላቸው ይገባል። ይሁን እንጂ የእምነት አባት ኃጢአትን የሚያክመው በንስሐ ነው። በንስሐ የሰማውንም ለማንም አይናገርም። ዳኛ ግን ማስረጃ መስማት፣ ማስረጃውንም በአደባባይ መመዘን አለበት። አንዱ የሌላውን ሥራ የወሰደ ጊዜ ሰው ይጠፋል።

እንዲህ ለማለት ያበቃኝን አንድ ነገር ላውጋችሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ወጣት ዐቃቤ ሕግ ሳለሁ፣ በአንዲት ከተማ የሚኖር አንድ ልብስ ሰፊና ረዳቱ ታስረው መዝገባቸው ወደ እኔ መጣ። ጠቋሚዋ አከራያቸው ነበረች። ምን እንዳየች ብጠይቃት፣ ሁለቱ ባንድ አልጋ እንደሚያድሩ ነገረችኝ። ያከራየቻቸው ክፍል ከአንድ አልጋ በላይ የማያስገባ መሆኑን ራሷ አልካደችም። ሌላ ምስክር አልነበረም። ሰዎቹ ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ሲገባቸው አምስት ቀን ታስረው ቆይተዋል። በማስረጃ ጉድለት መዝገቡን ዘግቼ እንዲለቀቁ አደረግሁ። ሕጉ የሚያዝዘውን ሁሉ የፈጸምሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ልብስ ሰፊው ከእስር ሲወጣ የስፌት መኪናው በመንገድ ላይ ተጥሎ፣ የሱቁ በር በጠላት ስም ተጽፎበት አገኘው። ደንበኞቹ የሰጡትን ጨርቅ መልሰው ወሰዱ። በሰንበቴም በዕድርም ስሙ ሲነሣ እሰማ ነበር፤ እኔም ከመካከላቸው ተቀምጬ ሳለሁ «መዝገቡን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ምንም የለበትም» ለማለት አልደፈርሁም። መዝገቡን ስዘጋ አፌንም አብሬ ዘጋሁ። ሰውየው በሁለተኛው ወር ከተማዋን ለቅቆ ሄደ። ወዴት እንደ ሄደ አላውቅም። ማንም ፍርድ ቤት ያልፈረደበት ያ ሰው ከተፈረደበት ሰው የበለጠ ተቀጣ፤ ከቀጡትም መካከል አንዱ እኔ ነኝ።

ነገሩ የአንድ ሰው ዕጣ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በአገራችን ወንድ ከወንድ ጓደኛው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሄዳል፤ እንግዳ ሲመጣ ባንድ መደብ ይተኛል፤ የቆሎ ተማሪዎች ባንዲት ጎጆ ተጠጋግተው ብርዱን ያሳልፋሉ፤ ወዳጅ ከወዳጁ ሲገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማል። ይህ የአባቶቻችን የወዳጅነት ወግ ነው። ባህላችንን እንጠብቃለን የሚል ሰው በየመንገዱ የሚያየውን ሁሉ መጠርጠር ከጀመረ፣ ለመጠበቅ የተነሣለትን ባህል በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ነገ አንድ አባት ልጁ ከጓደኛው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲሄድ አይቶ ቢደነግጥ፣ ያን ድንጋጤ ከውጭ ያመጣብን ማንም አይደለም።

ስለሆነም ለባልደረቦቼ የማሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጥቆማ ማስረጃ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ሲያዝዝ፣ ከወንጀሎች ሁሉ ይህን አንዱን ለይቶ አላወጣም። ሁለተኛ፣ አንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወትና መኖሪያ ይጠብቃል፤ ስለዚህ የብርበራ ማዘዣ ስንጠየቅ የወንጀሉ ስም ሳያስደነግጠን ምክንያቱን እንጠይቅ። ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ፣ መዝገብ በተዘጋ ጊዜ መዘጋቱን በአፍ ሙሉ መናገር ነው። የዚህ አካባቢ ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ፣ እርቁን በጓዳ አይጨርሱትም፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት ያስታውቁታል። በአደባባይ የጠፋ ስም በጓዳ እንደማይመለስ ከእኛ ይልቅ እነርሱ አስቀድመው ያወቁ ይመስለኛል።

ስለ ጋብቻ የሚደረገው ክርክር በቅርብ ጊዜ የሚያበቃ አይመስለኝም። በመካከሉ በእጃችን የሚወድቀውን ሰው ግን እንደ ሰው ልንቀበለው እንችላለን። ያን ልብስ ሰፊ ዛሬ ባገኘው የምነግረውን ቃል ለእናንተ ነገርኋችሁ።