ሯጭና አሠልጣኙ፤ ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ከአዲስ አበባ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የካ ሚካኤል የሚባለው ሰፈር ይገኛል። ከሰፈሩ በላይ ያለው ተራራ፥ ከዐለት የተፈለፈለው የጥንቱ ዋሻ ሚካኤል የሚገኝበት፥ ወደ ምዕራብ እየተያያዘ ሄዶ ከእንጦጦ ጋራ ይገጥማል። ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ያን ጊዜ የታሰበውም ለከተማው ማገዶና ለቤት ሥራ እንዲሆን ነበር። ዛሬ ጫካው ሌላም ጥቅም አግኝቷል። ጎሕ ሲቀድ፥ ኪዳን ለማስደረስ የሚወጣው ምእመን ነጠላውን ተከናንቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያመራ፥ በዛፎቹ መካከል የሯጮች ሰልፍ ይታያል። ሰባት ስምንት ሆነው አንዱ ከአንዱ ኋላ ተከታትለው ይሮጣሉ። የፊተኛው ዳገቱን በቀጥታ አይወጣውም፤ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ መንገድ ያወጣል፤ ሌሎቹም የእርሱን እግር እየተመለከቱ እግራቸውን በዚያው ያሳርፋሉ። መሪው ሲደክም ሌላው ይተካዋል። ከሰልፉ ተለይቶ ብቻውን የሚሮጥ በነርሱ ዘንድ አይመሰገንም። ከዳር ሰዓት ይዞ የሚጠብቅ አንድ ሰው አለ፤ እርሱ አሠልጣኙ ነው፤ የዚህ ንግግር ጉዳይም ከሯጩ ይልቅ ስለ እርሱ ነው።

የኢትዮጵያ ሯጮች ስም በዓለም ሁሉ ተሰምቷል። ሯጩን ከመንደር ያወጣው መምህር፥ ያበላውና ያለበሰው ክለብ ግን እምብዛም አይነሣም። ክለብ ማለት ሯጮችን በአንድ አሠልጣኝ ሥር ሰብስቦ ደመወዝና ልብስ፥ ጫማና መጓጓዣ የሚሰጥ ማኅበር ነው። ይህ ሳይታወቅ ሲቀር የገጠር ልጅ ድል በእግር ብቻ የሚገኝ እየመሰለው ደብተሩን ጥሎ ወደ ከተማ ይነጉዳል፤ አባቱም ልጁን ጨርሶ ከሩጫ ይከለክለዋል። ሁለቱም ያጠፋሉ።

ሽማግሎች በሩጫ ላይ የሚያቀርቡት ነቀፋ የታወቀ ነው። ሩጫ የመልእክተኛ ሥራ ነው፥ ልጅን ከትምህርትም ከእርሻም ያስፈታል ይላሉ። ነቀፋው መሠረት የሌለው አይደለም። በካልዕ ሳሙኤል እንደ ተጻፈው አኪማአስ የሜዳውን መንገድ ይዞ ሮጦ ከኩሽ ወገን የሆነውን መልእክተኛ ቀደመው፤ ከንጉሡ ፊት ቆሞ በተጠየቀ ጊዜ ግን የሚመልሰው አጣ፥ እውነተኛውንም ወሬ የነገረው ኋላ የደረሰው ሆነ። ስለዚህ ሽማግሌ ልጁን ቀድመህ ደርሰህ ምን ትናገራለህ ብሎ ቢጠይቅ ያስመሰግነዋል። የአገራችን የሩጫ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አለ።

በ1938 ዓ.ም ገደማ ትውልዳቸው ፊንላንድ፥ ዜግነታቸው ስዊድን የሆነ ኦኒ ኒስካነን የሚባሉ መኰንን ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በኋላም የክቡር ዘበኛ ወታደሮችን በስፖርት አሠለጠኑ። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ጨዋታ መጀመሪያ የተካፈለችው በኅዳር ወር 1949 ዓ.ም በሜልቦርን ከተማ ሲሆን፥ ከሄዱት አንዱ የክቡር ዘበኛው ማሞ ወልዴ ነበር። በ800 እና በ1,500 ሜትር ሮጦ ያለ ሜዳልያ ተመለሰ። ከዚያ ጉዞ በኋላ ሩጫ አይሆነንም ተብሎ ቢተው ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ በቀረ ነበር። ክለቡ ግን አልተወውም።

አራት ዓመት ካለፈ በኋላ በሮማ ከተማ የሆነውን ሁሉ ሰው ሰምቷል፤ ነገር ግን ደኅና አድርጎ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፥ የእንቍጣጣሽ ዋዜማ ነበር። አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ወታደር፥ ዕድሜው 28 ዓመት፥ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ስሙ ያልታወቀ ነበር። የቀረቡለት ጫማዎች እግሩን ስላልተስማሙት፥ አስቀድሞም በባዶ እግሩ መሮጥ የለመደ ስለ ሆነ፥ ጫማ ሳያደርግ ከሰልፉ ገባ። ሻለቃ ኒስካነን ከሁሉ ይልቅ የሞሮኮውን ሯጭ ራዲ ቤን አብደሰላምን እንዲጠብቅ፥ ቍጥሩም 26 መሆኑን ነግረውት ነበር። ሞሮኮዋዊው ግን የማራቶኑን ቍጥር ሳይለብስ በ185 ቍጥር ሮጠ። አበበ የታዘዘውን የሚፈጽም ወታደር ነውና 26 ቍጥርን ለማግኘት ከፊቱ ያለውን ሁሉ እያለፈ ሄደ፤ ቍጥሩን ግን አላገኘም። የሚፈልገው ሰው ከጎኑ ሲሮጥ እንደ ነበረ አላወቀም። ለመምህር ይህ ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ምክሩ በቍጥሩ ስቶ ሳለ ተማሪው በምክሩ ጸንቶ ደረሰበት።

ሁለቱ ከግማሽ መንገድ ጀምሮ አብረው ሮጡ። ሌሊቱ ሲጨልም ወታደሮች ችቦ ይዘው በጥንቱ የአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ ቆመው ያበሩላቸው ነበር። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ የአክሱም ሐውልት ከቆመበት አደባባይ ደረሱ። ይህ ሐውልት በጣልያን ወረራ ጊዜ በ1929 ዓ.ም ተወስዶ በዚያ የተተከለ ነው፤ በ1997 ዓ.ም ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም በአክሱም ቆሟል። አበበና አሠልጣኙ ከውድድሩ አስቀድመው መንገዱን በተመለከቱ ጊዜ የመጨረሻው ጕልበት የሚወጣበት ስፍራ ከሐውልቱ ዘንድ እንዲሆን ተማክረው ነበር ተብሎ ይነገራል። እንደዚያም ሆኖ፥ አበበ ባልንጀራውን ትቶ ወደ ቈስጠንጢኖስ ቅስት ገሠገሠ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ፈጸመ። ከዚያ በፊት ማንም በዚህ ጊዜ አልጨረሰም። ሁለተኛው በ25 ሰኮንድ ያህል ተከተለው። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ሆነ፤ የዚህ ሰው ስም መረሳቱ ያሳዝናል።

ጥቂት ወራት ሳያልፉ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የክቡር ዘበኛ አለቆች መንግሥት ለመገልበጥ ሞከሩ። አበበ የሤራው ተካፋይ ባይሆንም ለጥቂት ጊዜ ተይዞ ተጠይቆ ተለቀቀ። ክለብ በሚያሳድረው መሥሪያ ቤት ዕድል የሚኖር መሆኑ ከዚህ ይታያል።

በቶኪዮ ከተማ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ማራቶን ሊሮጥ አምስት ሳምንት ሲቀረው አበበ ትርፍ አንጀቱ ታሞ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ሰው ሁሉ ይቀራል ብሎ ነበር። ሄዶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ አሸነፈ፤ ተከታዩንም ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ስታድዮም ገብቶ ከጨረሰ በኋላም በሣሩ ላይ እጁንና እግሩን ሲያፍታታ ታየ፤ ተመልካቹ እጅግ ተደነቀ። በኦሎምፒክ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ማራቶን ያሸነፈ ከርሱ በፊት አልነበረም።

በሜክሲኮ ከተማ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም ደግሞ አበበ እግሩ ታሞ ስለ ነበረ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ከመውጣቱ በፊት አደራውን ለማሞ ወልዴ ሰጠ። ማሞም ዕድሜው ከ36 ዓመት ያለፈ ሲሆን ተከታዩን በሦስት ደቂቃ ያህል ቀድሞ አሸነፈ፤ በሜልቦርን ባዶ እጁን ከተመለሰ 12 ዓመት ሆኖት ነበር። ሦስቱ የማራቶን ድሎች፥ የሮማ፥ የቶኪዮና የሜክሲኮ፥ ሁለት ሰዎች ያገኙአቸው ናቸው፤ ሁለቱም የአንድ ክለብ፥ የአንድ አሠልጣኝ ልጆች ናቸው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ከጎኑ ተዘጋጅቶ ባይገኝ ሦስተኛው ድል ከየት ይመጣ ነበር?

ክቡር ዘበኛ ከዘውዱ መንግሥት ጋራ ቢያልፍም የክለብ ሥራ አልቀረም። የአየር ኃይል፥ የምድር ጦር፥ የፖሊስ፥ የማረሚያ ቤቶች፥ የንግድ ባንክና የመብራት ኃይል ክለቦች ሯጮችን እየሰበሰቡ አሳድገዋል። የአየር ኃይሉ ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም በሞስኮ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያገኝ አሠልጣኙ ንጉሤ ሮባ ነበሩ። ከርሳቸው በኋላ ደግሞ ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬ ለብዙ ዓመታት የብሔራዊ ቡድኑን ሯጮች አሠልጥነዋል፤ በ2008 ዓ.ም አርፈዋል።

አሠልጣኝ ምን ያውቃል ቢባል፥ ተራራውን ያውቃል። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሰውነት በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ያንሳል፤ ይህን ለማካካስ ኦክስጅን የሚያመላልሱትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያበዛል። ሯጩ ወደ ቆላ ወርዶ ሲሮጥ የበዛው ደም ይረዳዋል። ይሁን እንጂ በዚያ ከፍታ በየቀኑ በፍጥነት የሚሮጥ ሰው ሳይጠነክር ይደክማል፤ ሊታመምም ይችላል። ስለዚህ አሠልጣኙ ቀኖቹን ይከፍላል፤ አንድ ቀን በእንጦጦ ጫካ ቀስ ብሎ፥ ሌላ ቀን በሰንዳፋ ሜዳ፥ ለፈጣን ሩጫ ደግሞ ዝቅ ወዳለው ወደ አቃቂ። ማን ዛሬ ማረፍ እንደሚገባውም ይለያል። ዜማ የሚያስተምር መምህር የተማሪውን ድምፅ ሰምቶ ዛሬ ይበቃሃል እንደሚለው ነው። ልጅ ለራሱ ቢተው ማረፍን አይመርጥም። ክለቦቹም ለብዙ ዓመታት በጃን ሜዳ በአገር አቋራጭ ሩጫ ሲገናኙ ኖረዋል፤ ያ ሜዳ በጥምቀት ታቦታት የሚያርፉበት መሆኑን ሁላችሁ ታውቃላችሁ።

ይህ ሁሉ የከተማ ነገር መስሎ የሚታየው ካለ ወደ በቆጂ ይመልከት። በቆጂ በአርሲ ደጋ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ መምህር በዚያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ ያስተምሩ ነበር። ልጆቹ ሲጫወቱ እየተመለከቱ ማን እንደሚፈጥን፥ ማን እንደሚታገሥ ለዩ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭም ያሠለጥኑአቸው ጀመር። ከእጃቸው ካለፉት መካከል ደራርቱ ቱሉ በነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም በአትላንታ ማራቶን አሸነፈች። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም በቤጂንግ እያንዳንዳቸው በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኙ። አራቱ ከአንድ አገር፥ ከአንድ መምህር ሜዳ የተነሡ ናቸው። የአየሩ ከፍታ ብቻ ይህን አድርጎ ቢሆን፥ በኢትዮጵያ እንደ በቆጂ ከፍ ያለ ደጋ ብዙ ነውና ሁሉም እንዲሁ ባፈራ ነበር። ሴት ልጅን ከሩጫ መከልከል ይገባል የሚሉ አባቶችም ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች መሆናቸውን ያስተውሉ።

የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ነበር፤ በዓለም አደባባይ ሲሮጥ ግራ ክንዱን አጥፎ ወደ ጎኑ ማስጠጋቱ ደብተሩን በዚያ ይዞ ከመሮጥ የቀረ ልማድ ነው። አባቱ ገበሬ ነበሩ፥ ሩጫውንም አልወደዱለትም። በ1988 እና በ1993 ዓ.ም በ10,000 ሜትር የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ።

ከዚህ በኋላ የሚነገረው ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። በየካና በኮተቤ፥ በእንጦጦም ግርጌ ከየአውራጃው የመጡ ወጣቶች ጠባብ ክፍል ተከራይተው፥ የሚያገኙትን ተካፍለው እየበሉ፥ ክለብ ይቀበለናል ብለው ይጠብቃሉ። የክለቡ ቦታ ጥቂት፥ ፈላጊው ብዙ ነው። ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ያቋረጡ ናቸው። ያልተሳካለት ልጅ ወደ መንደሩ መመለስ ያፍራል፤ ወላጆቹ በሬ ሽጠው ልከውት ከሆነ እፍረቱ ይብሳል። አኪማአስ ምን ይዘህ መጣህ ተብሎ እንደ ተጠየቀው እርሱም ይጠየቃል።

መምህር በዚህ ላይ የሚችለው ነገር ከሚያስበው ይበልጣል። የሚፈጥነውን ልጅ አይቶ በወረዳና በዞን ውድድር እንዲታይ ያደርጋል፤ ክለቦች ልጆችን የሚመለከቱት በእንደነዚህ ያሉ ውድድሮች ነውና። ልጁን ሩጫ በሚል ስም ከክፍል አያስቀረውም፤ ሜዳው ከትምህርት ሰዓት በፊት ወይም በኋላ ይበቃል። ሽማግሌውም የልጁን አባት ጠርቶ፥ ክለብ በጽሑፍ ሳይጠራው ልጁ ከቤት እንዳይወጣ፥ ሲጠራ ደግሞ እንዳይከለከል ያስማማል።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር አለ። ለወጣቶች በተለየው ውድድር ልጁ እንዲገባ ዕድሜውን ቀንሶ ማጻፍ የተለመደ ነውር ሆኗል። ሐሰቱ ሲገለጥ ልጁ ከውድድር ይታገዳል፤ ያጻፈው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ልጁ ሰባት ዓመት ሲሆነው የተጻፈ፥ የሚጠቅመውም የሚጐዳውም ገና ሳይታወቅ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ከሌላ ወረቀት ሁሉ ይልቅ ይታመናል። ለክለቡ የሚላከው ደብዳቤ ከዚያ መዝገብ እንዳለ ይገለበጥ። ልጁም ሲሄድ ስሙ አይሰረዝ፤ በመዝገቡ ዳር የሄደበት ቀን ይጻፍና፥ ባይሳካለት በመስከረም ሲመለስ ባቆመበት ክፍል ይቀመጥ።