ከግማሽ ሰዓቱ በፊት የነበሩት ዓመታት
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ከሙዚቃና ሥነ ጽሑፍ ክበብ በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የታዘዝሁት የእኛን ዕድሜ ሳታልፍ ስሟ በዓለም ስለ ተሰማ አንዲት የዘፈን ደራሲና ዘፋኝ ነው። እርስዋም በኒው ዚላንድ አገር የተወለደችው፣ በመድረክ ስሟ ሎርድ፣ በቤት ስሟ ኤላ የሊች ኦኮነር የምትባለው ናት። የዘፈኗን ዓይነት ብዙዎች ኢንዲ ፖፕ ይሉታል፤ ይኸውም ሕዝብ የሚወደው ሆኖ ሳለ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ልማድ ወጣ ብሎ በራሱ መንገድ የሚሄድ ዘፈን ማለት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ስለ እርስዋ የሚወራው ታሪክ አጭር ነው። በ15 ዓመቷ የአንድ ዘፈን ግጥም በግማሽ ሰዓት ጻፈች፤ ዘፈኑም በአሜሪካ አንደኛ ወጣ ይባላል። ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ሆኖ ብቻ ሲነገር የሚሰማ ተማሪ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ካልሆነለት፣ ተሰጥዎ የለኝም ብሎ ብዕሩን ይጥላል። ስለዚህ እኔ የምናገረው ከግማሽ ሰዓቱ በፊት ስለ ነበሩት ዓመታት ነው።

ኤላ በኖቬምበር 1996 ተወልዳ ያደገችው ከኦክላንድ ከተማ በስተሰሜን ባለው የባሕር ዳርቻ ሰፈር ነው። እናቷ ሶንያ የሊች ባለቅኔ ናቸው። በቤቱ መጽሐፍ ሞልቶ ነበርና ልጅቱ ከዜማ አስቀድማ የለመደችው ንባብን ነው። በ2009 በልጆች ዓለም አቀፍ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄና መልስ ውድድር የትምህርት ቤቷ ቡድን ሁለተኛ ሲወጣ ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ እርስዋ ነበረች። ኋላም የአጫጭር ልብ ወለድ ደራሲውን የሬይመንድ ካርቨርን ሥራዎች ትወድ ነበር። ካርቨር ቃል የማያባክን ጸሐፊ ነው፤ በጥቂት ቃል ብዙ መናገርን ከእንዲህ ያለ ሰው መማሯ ዘፈኖቿን ለሚያዳምጥ ሁሉ ግልጽ ይመስለኛል።

በዚያው በ2009 ከአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር ሆና በትምህርት ቤቷ የተሰጥዎ ውድድር አሸነፈች። የተጫወቱትም የሌሎችን ዘፈን ነበር። የልጁ አባት የሁለቱን ድምፅ ቀድተው ዩኒቨርሳል ለተባለው ሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ ላኩ፤ እዚያ ይሠራ የነበረው ስኮት ማክላክላን ሰምቶ ተደነቀና ኩባንያው ልጅቱን በውል ያዛት። እንግዲህ ወሬው እውነት ቢሆን ኖሮ ዝናው በማግሥቱ በመጣ ነበር። አልመጣም። የቆዩ የሶል ዘፈኖችን እንድትጫወት ሐሳብ ቢቀርብላት የራሴን ካልጻፍሁ ብላ እንቢ አለች። ከዚህ በኋላ ከአንዱ የዘፈን ደራሲ ወደ ሌላው እየወሰዱ አብረው እንዲሠሩ ሞከሩ፤ ከአንዱም ጋር አልተስማማላትም። እርስዋም ትምህርቷን በታካፑና ግራመር ስኩል እየተከታተለች ድምፅዋን በአስተማሪ ታሠለጥን፣ ግጥም ትጽፍ ነበር። ሁለት ዓመት የሚያህል ጊዜ በዚህ አለፈ። ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት ምን ያህል እንደሚረዝም እዚህ ያላችሁ ጓደኞቼ ታውቁታላችሁ።

በ2011 መጨረሻ ከጆኤል ሊትል ጋር ተገናኘች። ይህ ሰው ቀድሞ ጉድናይት ነርስ በተባለ ባንድ ይዘፍን የነበረ፣ በኋላ በኦክላንድ አነስተኛ ስቱዲዮ የከፈተ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሏን ሳይለውጥ ዜማውን የሚያበጅላት ሰው አገኘች። በ2012 በትምህርት ቤት ዕረፍት ሰሞን ሮያልስ የተባለውን ዘፈን ሠሩ። የስሙ መነሻ አስቂኝ ነው፤ በአንድ የቆየ ፎቶግራፍ ላይ ጆርጅ ብሬት የተባለ የቤዝቦል ተጫዋች ኳስ ላይ ሲፈርም አየች፤ በልብሱም ላይ የቡድኑ ስም፣ በእኛ ቋንቋ «ንጉሣውያን» የሚል ተጽፎ ነበር። ከዚያች አንዲት ቃል ተነሥታ፣ በሬዲዮ የሚሰማው ዘፈን ሁሉ ስለ ውድ መጠጥ፣ ስለ ጌጣጌጥና ስለ ውድ መኪና ሲሆን፣ እርስዋና ጓደኞቿ ግን ያንን ሁሉ አይተው እንደማያውቁ ጻፈች። በክበባችን ለሚቀርቡ አንዳንድ ግጥሞች ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ባለፈው ዓመት ብቻ ስለ በረዶና ስለ ምድጃ እሳት የተጻፉ አራት ግጥሞች ሰምተናል!

በኖቬምበር 2012 አምስት ዘፈኖች በሳውንድክላውድ አማካይነት በነጻ ተለቀቁ። 60,000 ጊዜ ያህል ከተወረዱ በኋላ ኩባንያው በ2013 ለሽያጭ አወጣቸው። ሮያልስ በአገሯ አንደኛ ሆነ፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር በአሜሪካው የቢልቦርድ ሠንጠረዥ አንደኛነቱን ይዞ 9 ሳምንት ቆየ። ፒዩር ሄሮዊን የተባለው የመጀመሪያ አልበሟም በ2013 ወጣ። በጃንዋሪ 2014 በ17 ዓመቷ ሁለት የግራሚ ሽልማት ተቀበለች፤ ከሁለቱ አንዱ ለደራሲዎች የሚሰጠው የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ሽልማት ስለሆነ ከጆኤል ሊትል ጋር ተካፈለችው።

ምስጋናው ነቀፌታ አልነበረበትም አልልም። በ2013 አንዳንድ አሜሪካውያን ጸሐፊዎች፣ የነቀፈቻቸው ጌጦች በተለይ የጥቁሮች የሂፕ ሆፕ ዘፈን ምልክቶች ናቸውና፣ የድኻውን የብልጽግና ሕልም ከሩቅ ሆና ተቸች ብለው ጻፉ። ነገሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የራስን ሰፈር መጻፍ መልካም ቢሆንም የሌላውን ሰፈር ሳያውቁ መንካት ሌላ ነገር ነው፤ በ15 ዓመት ዕድሜ ደግሞ ከሰፈር ውጭ ያለው ዓለም የሚታየው በሬዲዮ ብቻ ነው።

ወላጆች የምትጠብቁትን ጥያቄ አልሸሽም። ኤላ በ2014 ወደ ትምህርት ቤት ለመጨረሻው ዓመት አልተመለሰችም። ይህን መሸፈን አይገባም፤ እንደ ምሳሌ አድርጎ ማቅረብም አይገባም። ትምህርቷን ያቋረጠችው ሥራው ከያዛት በኋላ እንጂ ሥራውን ለመፈለግ ብላ አይደለም፤ ዘፈኑ የተሠራውም ገና ተማሪ ሳለች፣ ትምህርት ቤቱ ዕረፍት በሰጣት ቀናት ነው።

አሁን ጓደኛዬ ዘፈኑን ያሰማችኋል። መሣሪያ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከበሮ፣ ወፍራም የባስ ድምፅ፣ በጣት የሚወጣው ጠቅ ጠቅታ፣ በላዩም የራስዋ ድምፅ ተደራርቦ ይሰማል። ከኋላ የተቀመጣችሁ መስኮቱን ብትዘጉልን የጣቱ ድምፅ በደንብ ይሰማችኋል።