ያልፈረመው ብዕር

በየመሥሪያ ቤታችን ስንቱን ወረቀት ፈርመን እናሳልፋለን! አለመፈረም እንዴት እንደሚከብድ ግን ከቻይናው ዲፕሎማት ከዶክተር ዌሊንግተን ኩ ሥራ እንመልከት።

በ1911 ዓ.ም. በፓሪስ የሰላም ጉባኤ ስለ አገራቸው ሲሟገቱ የ31 ዓመት ጐልማሳ ነበሩ። ኃያላኑ መንግሥታት ግን ጀርመን በሻንዱንግ የነበራትን መብት ለጃፓን ሰጡ፤ ሻንዱንግ ማለት ኮንፊሽየስ የተወለደበት ምድር ነው። ሰኔ 21 ቀን ሌሎቹ በቬርሳይ ሲፈርሙ የቻይና መልእክተኞች ወደ አዳራሹ ሳይገቡ ቀሩ። ጃፓን ቦታውን ለመመለስ የተስማማችው በ1914 ዓ.ም. ነው።

ከሸመገሉ በኋላ በሄግ የዓለም ፍርድ ቤት ዳኛ፥ ኋላም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። እዚያም የእኛው ጉዳይ ቀረበላቸው፤ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፥ ማለት ስለ ዛሬዪቱ ናሚቢያ፥ ደቡብ አፍሪካን ከሰው ነበር። ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ክሱ ወደቀ። ዶክተር ኩ ከተቃወሙት ከሰባቱ አንዱ ነበሩ፤ ተቃውሟቸውንም በጽሑፍ አስፍረዋል።