ነጻ ስጦታና ነጻ ፈቃድ



ፕሮግራምን ያለ ዋጋ መስጠትና ማረሙን መፍቀድ አንድ አይደለም። እንደ ዴቢያን ያሉ የሊኑክስ አዘጋጆች የሌሎችን ፕሮግራሞች ሰብስበው፥ ከሥርዓታቸው ጋር አስማምተው፥ በጥቅል ያድላሉ። የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ግን ፓይን የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራሙን በነጻ ቢሰጥም፥ ፈቃዱ ለውጦ ማደልን እንደማያካትት አስታወቀ። ስለዚህ ዴቢያን ያለቀለት ጥቅል ማቅረብ ስላልቻለ፥ ተጠቃሚው ምንጩንና ማስተካከያውን ወስዶ ራሱ ያጠናቅር ነበር። ከፓይን ጋር የነበረው የጽሑፍ ማረሚያ ፒኮም በዚሁ ምክንያት ቀረ። በ1999 እ.ኤ.አ. ክሪስ አሌግሬታ ፒኮን የሚተካ ማረሚያ ከመነሻው ጻፈ፤ ይኸውም ዛሬ ሁላችን የምናውቀው ናኖ ነው። ዩኒቨርሲቲውም በ2007 እ.ኤ.አ. የፓይንን ተተኪ፥ አልፓይንን፥ ማረምንና ማደልን በሚፈቅደው በአፓቺ ፈቃድ አወጣ።

እንግዲህ ያለቀ ሥራ እንደገና የተሠራው ዕውቀት ጠፍቶ ሳይሆን፥ በጥቂት የፈቃድ መስመሮች ሳቢያ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል፤ አርመን ለጓደኛ የማናቀብለው ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው። ከልካዩ ነጋዴ ሳይሆን እንደ እኛው ያለ የትምህርት ቤት መሆኑን አንርሳ። እኛም የምንጽፈውን ስናድል፥ ማረሙንም መልሶ ማደሉንም በግልጽ ጽፈን እንፍቀድ።